እንቁራሪቶቹ ያቆሸሹት ወንዝ

«ወንዙን ያቆሸሹት እንቁራሪቶቹ ራሳቸው ቢሆኑስ?»

ሚጣ ይህን የሰማችው ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ ነው፤ የሻይ ማፍያውን ቧንቧው ስር ደቅና ውሃ ስትሞላ። ለስለስ ያለ፣ የማታውቀው የወንድ ድምፅ ነበር። ቧንቧውን ዘጋችና አለቃዋ የሚመልሰውን ጠበቀች። የአለቃዋ ወንበር ሲንቋቋ ተሰማ። «እስኪ አስበው» ቀጠለ ሰውየው፣ «ጀግናዋ ስንት አገር አቋርጣ፣ ስንት ተንከራትታ፣ መጨረሻ ላይ ጥፋቱ የራሷ መሆኑን ስታውቅ። ለውጥ ማለት ይሄ ነው። ቱቦው ይውጣና ይሄ ይግባ።» አለቃዋ ጉሮሮውን ጠረገ። «ከደራሲዋ ጋር እንነጋገርበታለን» አለ፣ ድሮ ተስማምቶ እንዳደረ ሰው።

ስቱዲዮው ከጎሚስታው በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያሉ ሦስት ክፍሎች ናቸው። መስኮት ከተከፈተ የላስቲክ ሽታ ይገባል፣ ካልተከፈተ ኮምፒውተሮቹ ክፍሉን እንደ ምድጃ ያግሉታል፤ ስለዚህ ሠራተኞቹ ቀኑን ሙሉ መስኮት ሲከፍቱና ሲዘጉ ይውላሉ። ለአሥር ዓመት እዚያ የተሠራው ማስታወቂያ ነው፦ የሚጨፍር ሳሙና፣ የሚዘፍን የጥርስ ሳሙና፣ ከዶሮ ጋር የሚከራከር የዘይት ጀሪካን። አሁን ግን የመጀመሪያቸውን ፊልም ይዘዋል፤ የአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ፣ በእንስሳት የሚነገር፣ ለልጆች የሚሆን። የጻፈችው ሚጣ ናት። ሚጣ የቤት ስሟ ነው። ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ አንድ ቀን የረሳችውን ምሳ ዕቃ ይዛ መጥታ በር ላይ «ሚጣን ጥሩልኝ» ካለች ወዲህ፣ ሠላሳ አራት ዓመት የሞላት ሴት በመሥሪያ ቤቷም ሚጣ ሆና ቀርታለች።

ወደ ትልቁ ክፍል ስትገባ እንግዳው ግድግዳው ፊት ቆሞ ነበር። ግድግዳው ላይ ዘጠና ስድስት ካርዶች በሦስት ረድፍ በመርፌ ተሰክተዋል፤ እያንዳንዱ ካርድ አንድ ትዕይንት ነው። በመጀመሪያው ረድፍ አንዲት ወጣት እንቁራሪት እንቁላሎቿ ሳይፈለፈሉ ይጠቁሩባታል። ለምን ብላ ትጠይቃለች፤ የሚመልስላት የለም። በሁለተኛው ረድፍ አንድ አንካሳ ሽማግሌ ኤሊ አስከትላ ወንዙን ሽቅብ ትወጣለች፤ ጥቁሩ ውሃ ከላይ ነው የሚመጣውና። በሦስተኛው ረድፍ ትደርሳለች፤ ላይኛው መታጠፊያ ላይ ከአንድ ትልቅ ግቢ አጥር ስር የወጣ ቱቦ ታገኛለች። እንስሳቱ ሁሉ ተሰብስበው ድንጋይ እየገፉ ቱቦውን ይወትፉታል፤ ጥቁሩ ውሃም ወደ መጣበት ግቢ ይመለሳል። ቡና ቤት ውስጥ ለማታውቃት ልጅ ይህን ነግራት፣ ልጅቷ ውሃው ወደ ግቢው ሲመለስ ያጨበጨበችውን ሚጣ ገና አልረሳችውም።

እንግዳው ዞረና እጁን ዘረጋላት። የቆዳ ፋብሪካው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ነው። የፊልሙን ወጪ ከሦስት ሳምንት ወዲህ የሚሸፍነው ፋብሪካው መሆኑን ሚጣ ያወቀችው ያኔ ነው፤ እጁን ጨብጣ ሳለ። አለቃዋን አየችው። አለቃዋ የጫማውን ማሰሪያ ሊያጠብቅ አጎነበሰ።

«ግሩም ታሪክ ነው» አለ የሕዝብ ግንኙነቱ። «የታሪክ አወቃቀር ላይ እኔም ትንሽ ሥልጠና ወስጃለሁ። መነሻው ጥሩ ነው፣ ጉዞው ጥሩ ነው። መጨረሻው ግን ጣት ይቀስራል። ልጆች ጣት መቀሰር ሳይሆን ራሳቸውን መመልከት ነው መማር ያለባቸው።»

«እንቁላሎቹ ታዲያ በምን ጠቆሩ?»

«በቆሻሻ። ለምሳሌ እንቁራሪቶቹ የምግብ ትርፍራፊ ወንዙ ውስጥ ይጥላሉ እንበል።»

«እንቁራሪት ትርፍራፊ የላትም» አለች ሚጣ። «ዝንቡን ከነክንፉ ነው የምትውጠው።»

የሕዝብ ግንኙነቱ ሳቀ፤ ከልቡ ነው የሳቀው፣ ይህም ይበልጥ አናደዳት። እሷ ግን ልታስረዳው ሞከረች፤ ሰውየው የገባው መስሏት ሳይሆን አለቃዋ እየሰማ ስለሆነ። ጥፋቱ ከቤቷ ከሆነ እንቁራሪቷ ሽቅብ የምትወጣው ምን ልታገኝ ነው? ሠላሳ ስምንት ካርድ ሙሉ ወደ ላይ ተጉዛ ላይ ምንም ከሌለ፣ ልጆቹ ሲኒማ ቤት ተቀምጠው ምን ሲጠብቁ ቆዩ? አንድ ታሪክ «ይሄን ማን አደረገው?» ብሎ ከጀመረ ያደረገውን ሳያሳይ መጨረስ አይችልም፤ ያ ታሪክ መሆኑ ቀርቶ አፍ ማዘጊያ ነው። ሰውየው ጭንቅላቱን እየነቀነቀ እስከ መጨረሻው አዳመጣት። «ራሷን ልታገኝ ነው ሽቅብ የምትወጣው» አለና ቱቦው ያለባቸውን ሦስት ካርዶች አንድ በአንድ ነቀላቸው። መርፌዎቹን መዳፉ ላይ ሰብስቦ፣ እንዳይወጉ አድርጎ፣ ጠረጴዛው ላይ በሥርዓት ደረደራቸው። ሚጣ ከንግግሩ ሁሉ ይልቅ የመርፌዎቹ አደራደር አንገበገባት።

ሰውየው ስልክ ሊያነጋግር ሲወጣ አለቃዋ ቀና አለ። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ልትይኝ ነው» አለ። «አውቃለሁ። ግን አሥር ዓመት ሳሙና ሳስጨፍር ኖሬያለሁ። ሳሙና። አንድ ፊልም ልሥራና ልሙት።» ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚፈለገውን ነገራት። አንድ ገጽ ብቻ ነው። ሽማግሌው ኤሊ መጨረሻ ላይ ይናዘዛል፤ ከትልቅ ሰው አፍ ሲወጣ ክብደት አለውና። የኤሊውን ድምፅ የሚሠሩት ጋሼ ነጎድጓድ ስምንት ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ የድምፅ መቅጃውን ክፍል ለዛሬ ብቻ ነው ያገኙት፤ እስከዚያ ገጹ መድረስ አለበት።

አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ባዶ ወረቀት ፊት እንደተቀመጠች ስልኳ ጮኸ። እህቷ ናት። እህቷ በሥራ ሰዓት ደውላ አታውቅም። «ማዘጋጃ ቤት ነኝ። መነጽሬን ትቼ ወጥቼ ነው፤ ለምሳ ስትወጪ ብቅ በይ» አለችና ዘጋችው። መነጽር የላትም። ንባቧ ድንጋይ እየረገጠ ወንዝ እንደሚሻገር ሰው ነው፤ አንዷን ፊደል በደንብ ሳትረግጥ ወደ ሌላዋ አታልፍም፣ ሰው ፊት ደግሞ መሻገር አትወድም።

የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ በወንዝ ዳር አትክልት አልሚዎች ተሞልቷል። የጭቃ ቦት ጫማቸውን እንዳደረጉ ነው የመጡት፤ ወለሉ ላይ የደረቀ ጭቃ ከመስኮት ቁጥር ሦስት እስከ በሩ ድረስ ተንጠባጥቧል፣ ጽዳቷ መጥረጊያዋን ተደግፋ ቆማ ታየዋለች። ሁሉም እጃቸው ላይ አንዳንድ ወረቀት አለ። እህቷ አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ሃያ ሁለት ዓመት ወንዙ ዳር ያለችውን ጠባብ ቦታዋን ስትቆፍር ኖራለች፤ ሚጣን ያስተማረችው በሰላጣና በጎመን ነው፣ አንዱ እስር ሰላጣ ከአንድ የአውቶቡስ ቲኬት በታች በሚሸጥበት ዘመን።

«መጣሽ? ቁጭ በይ። ፈርሜያለሁ። ምን እንደፈረምኩ አንብቢልኝ።»

«ሳታነቢ ነው የፈረምሽው፣ እትዬ?»

«ሰልፉን አታይውም? ከኋላ ይገፋሉ። ሰውየው ‹እዚህ ጋ› አለኝ፤ ፈረምኩ።»

ሚጣ ወረቀቱን ተቀብላ በዓይኗ ሮጠችበት። ከዚያም ድምፅ አውጥታ አነበበች፦ «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው የወንዝ ዳር አትክልት አልሚ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ቦታውን ለመልቀቅ ተስማምቻለሁ።»

እህቷ ወረቀቱን ስታይ ቆየች። አፈር የገባበት ጥፍሯን መሃል ላይ አሳረፈች። «እዚህ ጋ ሁለት መስመር አለ። ዘለልሽው።»

ሚጣ መዝለሏን ራሷም ያወቀችው እህቷ ስትናገር ነው። ጠዋት መርፌ የሚደረድረውን ሰው በልቧ ስትረግም የነበረችው ሴት፣ ሳታስበው፣ ያው እሱ ያደረገውን አደረገች። እንደገና አነበበችው፤ አሁን ሳትዘል። «...ወንዙን በቆሻሻ በመበከሌ ጥፋተኛ መሆኔን አምኜ፣ ያለምንም ካሳ በአሥር ቀን ውስጥ ቦታውን ለመልቀቅ ተስማምቻለሁ።»

እህቷ ወረቀቱን ወሰደችና አጠፈችው። ደግማ አጠፈችው። ሁለቱም ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ማየት ጀመሩ። ግድግዳው ላይ የወንዝ ዳር መናፈሻ ሥዕል ተለጥፏል፤ አግዳሚ ወንበር፣ ሣር፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ከታች በኩል የቆዳ ፋብሪካው ዓርማ። ከሥዕሉ ላይ ጎመን የሚባል ነገር የለም። እህቷ ወደ እሷ ሳትዞር ጠየቀቻት።

«እኔ ነኝ እንዴ?»

«ምኑ?»

«ያቆሸሽኩት። እኔ ነኝ እንዴ?»

ለነገር ብላ አልነበረም የጠየቀችው። የተማረች እህቷ ታውቅ እንደሆነ ብላ ነው። «አይደለሽም» አለች ሚጣ።

«ማክሰኞ ቀይ ነው» አለች እህቷ፣ ለራሷ እንደምታሰላ። «ሐሙስ ሰማያዊ። ቅዳሜ ይሸታል እንጂ ቀለም የለውም። እሑድ ሲያርፉ ነው የማጠጣው። ፋብሪካው ከመጣ ወዲህ እሑድ ብቻ ነው ያጠጣሁት።»

ሚጣ ያን ጊዜ ስቱዲዮው ውስጥ የሆነውን ነገረቻት፤ ስለ ሰውየው፣ ስለ ቱቦው፣ ስለ ኤሊው ኑዛዜ። ታሪኩ መጀመሪያውንም ከእህቷ አፍ የወጣ ነበር። ከሁለት ክረምት በፊት እግሯን እየታጠበች «እንቁራሪቶቹ ዝም አሉ እኮ» ያለቻት እሷ ናት፤ ሚጣ ዘጠና ስድስቱንም ካርድ የጻፈችው ከዚያች አንድ ዓረፍተ ነገር ተነስታ ነው። እህቷ ግን ይህን አላነሳችም። «ጻፊላቸው» አለች። «የእንቁራሪት ነገር ነው። ጉርስሽን አታጉድዪ። አንዳችን እንኳ ሥራ ይኑረን።» ቦርሳዋን አንስታ፣ ጭቃው ላይ እየረገጠች ወጣች።

ሚጣ ስቱዲዮ ተመልሳ ገጹን በሩብ ሰዓት ጻፈችው። ስምንት ሰዓት ላይ ጋሼ ነጎድጓድ ከዘራቸውን በር ላይ ጥለው መስታወቱ ማዶ ያለችው ጠባብ ክፍል ገቡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ መሬት የሚያንቀጠቅጥ ድምፃቸው ግን አላረጀም። ወረቀቱን መጀመሪያ ለራሳቸው አነበቡት፤ መስታወቱን አሻግረው ሚጣን አዩና ማዳመጫውን ጆሯቸው ላይ አደረጉ።

«እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው ኤሊ፣» አሉ፣ «ወንዙን በመዋኘትና በጭቃው ላይ በመተኛት በመበከሌ ጥፋተኛ መሆኔን አምኜ፣ ከእንቁራሪቶቹና ከዓሦቹ ጋር ያለምንም ካሳ በአሥር ቀን ውስጥ ወንዙን ለመልቀቅ ተስማምቻለሁ።»

ድምፅ የሚቀዳው ልጅ ፈገግ ሊል ጀመረና ተወው። የሕዝብ ግንኙነቱ ከወንበሩ ተነሳ። «ይሄ ምንድነው?»

«የጠየቁኝ ኑዛዜ ነው» አለች ሚጣ። «ማዘጋጃ ቤት ዛሬ ሰው ሲያስፈርምበት የዋለው ቃል ነው። እኔ የለወጥኩት ስሙን ብቻ ነው። እህቴ ፈርማበታለች። ከእናንተ ቱቦ በታች ነው ሰላጣ የምትተክለው። እሷን ጥፋተኛ ካሰኛችሁ በኋላ ኤሊው ምን ያደርግላችኋል?»

ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ለስላሳነቱ ተገፈፈ። ወደ አለቃዋ ዞረ። «የግል ጉዳይ ያላት ሰው ናት። ይህን ቀድመህ ልትነግረኝ ይገባ ነበር።» አለቃዋ ከሚጣ እጅ እስክሪብቶዋን ተቀበላት፤ እሷም ሳታስብ ሰጠችው። ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ላይ አንድ መስመር ጻፈና በሩን ከፍቶ ለጋሼ ነጎድጓድ አቀበላቸው። ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ወረቀቱን አዩት። የተጻፈው ሰባት ቃል ብቻ ነበር።

«ልጆቼ፣ ላይ ምንም የለም። ጥፋቱ ከእኛው ነው።»

ግሩም አድርገው አነበቡት። ቀስ ብሎ ተነስቶ፣ መሃል ላይ ተሰብሮ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጸሎት ዝቅ ያለ ንባብ ነበር፤ ጠዋት ስለ ቱቦው ምንም ያልሰማ ሰው ቢሆን አልቅሶ ያምናቸው ነበር። ድምፅ የሚቀዳው ልጅ አፍንጫውን ጠረገ። የሕዝብ ግንኙነቱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሰማው። «አሁን ፊልም ሆነ» አለ።

ደረጃው ላይ ጋሼ ነጎድጓድ ደረሱባት። ቦርሳዋን በትከሻዋ አንግታ ትወርድ ነበር።

«ተቀይመሽኛል።»

«ጋሼ፣ ምናለ ትንሽ እንኳ ቢያበላሹት?»

ከዘራቸውን ደረጃው ላይ አንዴ መቱ። «ማበላሸት አላውቅበትም፣ ልጄ። የሚሰጡኝን ሁሉ አሳምሬ ነው የማነበው። ስንቱን አሳምሬ እንዳነበብኩ ብነግርሽ ትጠይኛለሽ።» አልጠላቻቸውም፤ ግን አላጽናናቻቸውምም። አለቃዋ ከላይ ደረጃው ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ስሜን ከፊልሙ ላይ አንሱልኝ አለችው። «ነገ ሲበርድልሽ እንነጋገራለን» አላት። «ነገም አይበርድልኝም» አለችና ወረደች።

እህቷን ያገኘቻት አትክልቱ ዳር የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጣ ነው። መኮትኮቻው አጠገቧ ወድቋል። እህቷን በቀን ብርሃን እጇን አጣጥፋ አይታት አታውቅም። ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ወንዙ ሰማያዊ የልብስ ማቅለሚያ የፈሰሰበት ይመስላል፣ ዳርና ዳሩን ነጭ አረፋ ይዞታል። ሰላጣው ግን አረንጓዴ ነው፣ በረድፍ በረድፍ፣ በአሥር ቀን ውስጥ እንደሚነቀል ያልሰማ።

«ለቀቅኩ» አለቻት።

እህቷ ቀና ብላ አየቻት፤ ፊቷ ጠቆረ። «ማን ልቀቂ አለሽ? ጻፊላቸው አላልኩሽም? ሁለታችንም በአንድ ቀን? ነገ ምን ልንሆን ነው?» ሚጣ እህቷ ሌላ ባልዲ እስክትገለብጥላት ጠበቀች፤ አልገለበጠችላትም፣ ቆማ ቀረች። ውሃው አረፋውን እየገፋ ያልፋል። ከማዶ በኩል አንድ ሰው ጎመኑን ሳይደርስ እየነቀለ በጆንያ ይከታል፤ እሱም ፈርሟል ማለት ነው። ሁለቱ እህትማማቾች እስኪጨርስ ድረስ አዩት።

«ኤሊው ታዲያ ምን አለ?» አለች እህቷ በመጨረሻ።

«‹ላይ ምንም የለም› አለ። ‹ጥፋቱ ከእኛው ነው›።»

«ላይ ምንም የለም አለ?»

«አዎ።»

እህቷ ወንዙን ሽቅብ ተመለከተች፤ እስከ መታጠፊያው፣ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ እስከሚታይበት። ለሰው ሳይሆን ለውሃው እንደሚናገር ሰው «ኧረ ተው» አለች፣ ቀስ ብላ። ተነሳች። ቀሚሷን አራገፈች። «ነይ፣ ሳይዘጉ እንድረስ።»

ማዘጋጃ ቤቱ መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ ያለው ሰው ማህተሞቹን መሳቢያ ውስጥ እየከተተ ነበር። እህቷ ወረቀቱን ዘርግታ ፊርማዬን ልሰርዝ ነው የመጣሁት አለችው። ሰውየው ቀልድ መስሎት ሚጣን አየ። «እናቴ፣ እንዲህ ያለ አገልግሎት የለንም። ቅሬታ ካለዎት በማመልከቻ ያቅርቡ» አለና ሁለት ባዶ ወረቀት በመስኮቱ አሾለከ። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እህቷ እየተናገረች ሚጣ ጻፈች። እህቷ ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ አታውቅም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ቦታውን ስትይዝ ውሃው ይጠጣ እንደነበር፣ ፋብሪካው በየትኛው ዓመት እንደመጣ፣ ቱቦው ከየትኛው አጥር ስር እንደሚወጣ፣ በየትኛው ቀን ምን ቀለም እንደሚለቅ፣ ዓሦቹ መጀመሪያ፣ ከዚያ ዳክዬዎቹ፣ ከዚያ እንቁራሪቶቹ እንዴት እንዳለቁ። ሚጣ አንድ ቃል አላሳመረችም። ወረቀቱ አልቆባት ጽዳቷ ከሆነ ቢሮ ሦስተኛ አምጥታ ሰጠቻት።

ሰውየው ሦስቱን ወረቀት በጣቱ ቆጠረና መልሶ ገፋቸው። ቁልፉን በእጁ ይዟል። «ማመልከቻ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። አሳጥራችሁ ነገ አምጡ።»

«ከየቱ?» አለች እህቷ።

«ምን?»

«የሚያጥረው ከየቱ ነው?»

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ፣ እናቴ። ሰዓት ደርሷል።» መስኮቱን ሊዘጋ እጁን ሰነዘረ። እህቷ የተሰነጣጠቀ መዳፏን መስኮቱ ደፍ ላይ አሳረፈችው። አልገፋችም፤ አሳረፈችው ብቻ። ሰውየው እጇን ሳይጨፈልቅ መዝጋት አይችልም ነበር።

«ካልተቀበላችሁት ትሰሙታላችሁ» አለች። «አንብቢው፣ ሚጣ። ከላይ ጀምሪ።»

ሚጣ ቆማ ጀመረች። ሁለተኛው መስመር ላይ ድምጿ ጠነከረ፣ ባዶው አዳራሽ ደግሞ አጎላው። ዘበኛው ሊያስወጣቸው መጥቶ መሃል ላይ ቆመ። ከውስጥ ሊወጡ የተዘጋጁ ሁለት ጸሐፊዎች ኮሪደሩ አፍ ላይ ቀሩ፤ አንደኛዋ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች። «ዘግተናል እኮ» አለ ሰውየው፣ ማንን እንደሚናገር ሳይታወቅ። እህቷ እጇን አላነሳችም፤ ሚጣም ሁለተኛውን ገጽ ገለጠች።